ካሳን የሚመስለው ሰው

የፋሲካ ማግስት ነበር፤ ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.። የመቅደላን ኮኬት በር ጥሰው የገቡት የእንግሊዝ እግረኞች ሽቅብ ሲወጡ መንገዳቸው ላይ አንድ ሬሳ አገኙ። ሰውዬው ሽጉጡን አፉ ውስጥ ተኩሶ ነው የሞተው። ማን እንደሆነ ግን ካገኙት ወታደሮች አንዱም ሊናገር አልቻለም። ባሕር ተሻግረው፣ ከዙላ ተነሥተው፣ ወራት የፈጀ ተራራና ገደል ወጥተው ወርደው የመጡት ለዚሁ ሰው ነው፤ መልኩን ግን አያውቁትም። ዐፄ ቴዎድሮስ መሆናቸው የተረጋገጠው በእጃቸው ታስረው የቆዩት አውሮፓውያን ካዩአቸው በኋላ ነው።

ከጦሩ ጋር ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው መጥቶ ነበር። ወታደር አይደለም፤ የብሪቲሽ ሙዚየም የብራና ክፍል ባልደረባ ነው። የተላከውም ለሙዚየሙ የሚበጅ ዕቃ እንዲሰበስብ ነው። ሆልምስ ሬሳው ሳይቀበር ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ፊት ነደፈ። መቅደላ ላይ የሠራው ሌላም ሥራ አለ፤ እሱን ቆይተን እናነሣዋለን።

ዐፄ ቴዎድሮስ ፎቶግራፍ የላቸውም። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስም ዐፄ ምኒልክም ፎቶ ተነሥተዋል። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እንኳ አባቱ በሞቱ በጥቂት ወራት ውስጥ እንግሊዝ አገር ስመ ጥሯ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፊት ተቀምጦ ተነሥቷል፤ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የአባትየው ግን የለም። ያም ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ የቴዎድሮስን መልክ አላውቅም የሚል ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ሕፃን ልጅ ሥዕሉን ከሩቅ አይቶ ስማቸውን ይጠራል። ከዚያም አልፎ፣ አንዱን መንገደኛ አይቶ፣ ከመንገሣቸው በፊት በነበረው ስማቸው «ቁርጥ ካሳን!» የሚል ሰው ሞልቷል።

ሐራ ላይ እንዲህ የሚባል ሰው አለ።

ከመቅደላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከወልድያ ብዙም ሳትርቅ ከየጁ ቆላ የተቀመጠችውን ሐራን የውጭ ሰው የሚያውቃት በባቡሩ ነው። የቱርኩ ያፒ መርከዚ ውሉን በ2004 ዓ.ም. ፈርሞ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ለመዘርጋት የተነሣው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የባቡር መስመር መድረሻው «ሐራ ገበያ» ተብሎ ነው ካርታ ላይ የተጻፈው። ባቡሩ ሲጠበቅ፣ ሲዘገይ፣ በመካከሉ ጦርነት ሲያልፍበት፣ ከተማዋ በበሬዋና በማሽላዋ ገበያ መኖሯን ቀጥላለች።

ገበያ በዋለበት ማታ ግሮሰሪ ውስጥ ወንበር አይገኝም። እኔ የገባሁባት ቤት አንድ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ የቢራ ፋብሪካ የቀን መቁጠሪያ አለ፣ ኳስ የሚያሳይ ቴሌቪዥን አለ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ደግሞ ካሳ አሉ። ሥዕሉን ታውቁታላችሁ፤ ፀጉሩ ወደ ኋላ ተጎንጉኖ፣ ግንባሩ ተቋጥሮ፣ ዐይኑ ከተመልካቹ ትከሻ በላይ ያለ ጠላት እያየ። ቀለሙ በጭስ ጠይሟል፤ አንዱ ጥግ በፕላስተር ተለጥፏል።

ከሥዕሉ ሥር የተቀመጠው ሰው የከብት ደላላ ነው። ስሙን አልጽፈውም፤ እዚያ ቤት በስሙ የሚጠራውም የለም። አርባዎቹን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ጉንጩ ጎድጎድ ያለ፣ ቅንድቡ የተጋጠመ ሰው ነው። ፀጉሩ ተጎንጉኖ ማጅራቱ ላይ ወርዷል። ስእለት ነው ይላል። በዚህ ጊዜ፣ በዚህ አገር፣ ወንድ ልጅ ፀጉሩን ጎንጉኖ መንገድ ሲወጣ ኬላ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አለ፤ እሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

አንድ ወጣት ከበሩ ገና ሲገባ ጮኸ፦ «አያ ካሳ! ዛሬስ ስንት በሬ ማረክህ?»

«ተማረክሁ በለኝ እንጂ። ገዢው ሁሉ አፋር ሆኖ ዋለ፤ በዋጋ የሚረታው ጠፋ።»

ባለቤቷ እትዬ፣ ጠርሙሱን እየከፈቱልኝ፣ ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። እንግዳ በገባ ቁጥር አንድ ጊዜ ሥዕሉን፣ አንድ ጊዜ ሰውየውን፣ እንደገና ሥዕሉን ያያል። ከዚያ መከራከር ይመጣል። ክርክር ካለ ደግሞ ሁለተኛ ቢራ አለ። ስለዚህ ለእሱ ዋጋ ይቀንሱለታል። «ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰው የሚያመጣልኝ እሱ ነው፣ በሞቴ!»

እኔም አየሁ። አንድ ጊዜ ሥዕሉን፣ አንድ ጊዜ ሰውየውን። ምን ልዋሽ፣ ደነገጥሁ። ቅንድቡ ያው ነው። የጉንጩ አጥንት ያው ነው። ዝም ብሎ በሩን ሲያይ ደግሞ፣ ያ ከትከሻ በላይ የሚያይ ዐይን ራሱ ነው።

«አንተ ራስህ ምን ትላለህ?» አልሁት።

«እኔማ የጁ ነኝ» አለ፣ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ። «ወገኖቼ ከራስ አሊ ጋር የተሸነፉ ናቸው። የአሸናፊውን መልክ ይዘህ ተወለድ ብሎ የፈረደብኝ ማን ነው?»

ቤቱ ሳቀ። ቀልዱ ግን ታሪክ አለው። እዚህ አካባቢ፣ ወልድያንም መርሳንም ሀብሩንም ይዞ፣ የቀድሞው የጁ ነው። ከ1770ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሰባ ዓመት ገደማ ንጉሥ ጎንደር ላይ በስም ሲቀመጥ፣ ሥልጣኑን የያዙት ከዚህ አገር የወጡት የወረ ሼህ ራሶች ናቸው፤ ከታላቁ አሊ እስከ ትንሹ አሊ። የቋራው ካሳ ኃይሉ የትንሹን ራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገቡ። አግብተውም አልቀሩ፣ ሰኔ 1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማታቸውን ገጥመው ድል አደረጉ። ራስ አሊ ሸሽተው ወደ ዘመዶቻቸው አገር ወደ የጁ መጡ። ካሳ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብለው ሲነግሡ የመጀመሪያው ትልቅ ዘመቻቸው ወሎ ላይ ሆነ፤ ከዚያም ወዲያ ዘመቻው ከወሎ አልራቀም።

የቴዎድሮስ ስም ወሎ ውስጥ ጎንደር እንደሚጠራው አይጠራም ነበር። የወሎዋን ገዢ የወይዘሮ ወርቂትን ነገር የማያስታውስ የታሪክ ሽማግሌ የለም። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጡ በወርቂት ግዛት አለፉ፤ እሷም አሳለፈቻቸው፣ ልጇ መቅደላ ታስሮ እያለ። ቴዎድሮስ ተናደው ልጇን ከገደል አስወረወሩት። እንዲህ ያለ ነገር ባለበት አገር፣ ከመቶ ስልሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ የቴዎድሮስ ሥዕል የግሮሰሪ ግድግዳ ላይ ሆኖ የየጁ ሰው እሳቸውን በመምሰሉ ቢራ ይቀነስለታል። ይህ ለእኔ ከመመሳሰሉ ይበልጥ ይገርመኛል። ያደረጉት ሁሉ ተረስቶ አይደለም። የአቤ ጉበኛ «አንድ ለእናቱ»፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»፣ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔት፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም፣ እያንዳንዱ በየዘመኑ አንድ ቴዎድሮስ ጨምሯል። ሥዕሉ ከነዚህ ሁሉ ጋር ተደምሮ ነው ወደ ግድግዳው የመጣው።

ወደ መመሳሰሉ ልመለስ። ክርክሩ ሲጦፍ ወጣቱ አንድ ሐሳብ አመጣ። «ወላሂ፣ ፀጉሩ ነው እንጂ ምን ይመስላል!» አለና የራሱን ፎጣ አውልቆ ለደላላው ወረወረለት። ሰውየው ፎጣውን ግንባሩ ድረስ አውርዶ ጠመጠመው፤ ጉንጉኑን ከውስጥ ሸሸገው። ከዚያ ዞሮ አየን።

ካሳ ጠፉ። ቁጭ ብሎ የሚያየን በቆላው ገበያ ሁሉ የሚታይ፣ ሙቀት ያከሰለው አንድ የከብት ደላላ ነው። ቅንድቡ አለ፣ ጉንጩም አለ። መመሳሰሉ ግን የለም።

ወጣቱ ሳያውቀው የሠራው ሙከራ የሥነ ልቦና ሰዎች በቤተ ሙከራ የደከሙበት ነው። በቅርብ የማናውቀውን ሰው ፊት ስናይ ዐይናችን በብዛት የሚይዘው ዳር ዳሩን ነው፦ ፀጉሩን፣ የፀጉሩን መነሻ፣ የአገጩንና የጉንጩን መስመር። የእናቱን ወይም የጎረቤቱን ፊት ግን ሰው የሚያውቀው በመካከሉ ነው፤ በዐይኑ፣ በአፍንጫው፣ በአፉ። እናታችሁ ሻሽ ብታስር፣ ብትፈታ፣ ብትሸብት እናታችሁ ናት። ሩቅ ሰው ግን ፀጉሩን ከቀየረ አዲስ ሰው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 ፓዋን ሲንሃና ቶማሶ ፖጆ የሚባሉ ተመራማሪዎች የአሜሪካን ፕሬዚዳንት ክሊንተንንና ምክትላቸውን አል ጎርን ጎን ለጎን የሚያሳይ ፎቶ አወጡ። ፎቶው ውስጥ የሁለቱም ዐይን፣ አፍንጫና አፍ የክሊንተን ነው፤ የተለየው ፀጉሩና የራሱ ቅርጽ ብቻ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ግን ክሊንተንንና ጎርን አየ፤ ተንኮሉን የነቃ ጥቂት ነው።

ቴዎድሮስን በቅርብ የሚያውቃቸው ሰው ዛሬ የለም። ለሁላችንም ሩቅ ሰው ናቸው። የምናውቃቸውም እንደ ሩቅ ሰው ነው፣ በጉንጉናቸው።

መጠኑን ለሚወዱ፦ ሁለት ሰው በእውነት አንድ ፊት ሊኖረው ይችላል ወይ የሚለው ተለክቶ ያውቃል። የአውስትራሊያዋ ቴጋን ሉካስ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ የወታደሮችን ልኬት መርምራ፣ ሁለት ሰዎች በስምንት የፊት ልኬቶች ፍጹም ሊገጣጠሙ የሚችሉበት ዕድል ከትሪሊዮን አንድ እንኳ እንደማይሞላ አገኘች። በሚሊ ሜትር ከሄድን እንግዲህ መንትያ ካልሆነ ማንም ማንንም አይመስልም። የባርሴሎናው ማኔል ኤስቴለር ግን በሌላ በኩል መጣ። ካናዳዊው ፎቶ አንሺ ፍራንስዋ ብሩኔል ዓለምን ዞሮ ያነሣቸውን፣ ዘመድ ሳይሆኑ የሚመሳሰሉ 32 ጥንዶች ወሰደና ፊት በሚለዩ ሦስት ፕሮግራሞች አስመረመራቸው። በሦስቱም ዘንድ ተመሳሳይ የተባሉት 16 ጥንዶች ናቸው። የእነዚህ ዘረ መል ሲታይ ብዙው ጥንድ ከተራ ባዕድ የበለጠ የጋራ ነገር ነበረው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። የሰው ልጅ ብዛት ስምንት ቢሊዮን ደርሶ ፊት የሚሠሩት ዘረ መሎች ግን ያው የተወሰኑት ስለሆኑ፣ ዕጣው አንዳንዴ ይደገማል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሁለቱም ወገን ፊት ሲኖረው ነው። እዚህ ላይ ነው የሐራው ነገር ከሌላው የሚለየው።

እ.ኤ.አ. በ1860 አካባቢ ግብጽ ሳቃራ ላይ የፈረንሳዩ ኦጉስት ማሪየት ሠራተኞች ሲቆፍሩ ከእንጨት የተቀረጸ አንድ ወፍራም ሰው ብቅ አለ። ዐይኑ ከድንጋይ የተሠራ ነው፤ ያያል። ቆፋሪዎቹ ዘለው ተነሡ፦ የመንደራቸው ሹም ቁርጥ! «ሸይኽ አል በለድ» አሉት፤ ዛሬም ካይሮ ሙዚየም በዚያ ስም ነው የሚታወቀው። በትክክለኛ ስሙ ካዓፐር የተባለ ካህን ነው፤ ከሞተ 4,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ያ ቀራጭ ግን ሰው አይቶ ነው የቀረጸው። ከፊቱ ያ ጠንካራ ሆድ፣ ያ ክብ ጉንጭ ነበረ። የመንደሩም ሹም የዚያው አገር ሰው ነው። በሁለቱም ጫፍ ሥጋ ለባሽ አለ።

የእኛ ሥዕል መንገዱ ሌላ ነበር። ወሎ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ1270ዎቹ ዓ.ም. የቆየ ወንጌል አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ ራሳቸው ያሠሩት። የእሳቸውም ሥዕል ውስጡ አለ። የአንድ በሕይወት የነበረ፣ ስሙ የታወቀ ኢትዮጵያዊ ሥዕል እንዲህ ቀድሞ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን አባ ኢየሱስ ሞዐ መሆናቸውን የምናውቀው በፊታቸው አይደለም፤ ስማቸው ስለተጻፈ ነው። ሠዓሊው የአፍንጫቸውን ልክ ፍለጋ አልደከመም። ሥራው እሱ አልነበረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በተሰበረ እግራቸውና በክንፋቸው፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሳና ነብራቸው ይታወቃሉ። ጻድቅ ሙሉ ፊቱን፣ ሁለት ዐይኑን ይዞ ያየናል፤ ክፉ ሰው በጎኑ ዞሮ አንድ ዐይን ብቻ ይቀርለታል። ማንነት የሚነገረው በምልክት ነው።

ቴዎድሮስን የሣሉት ሠዓሊዎች ዘመናይ ቢሆኑም፣ ቀለሙ የፋብሪካ ቢሆንም፣ ያንኑ መንገድ ነው የያዙት ባይ ነኝ። ፈረሱ ለጊዮርጊስ የሆነውን፣ ጉንጉኑ ለቴዎድሮስ ሆነ። ምልክቱ ካለ የቀረውን ፊት ሠዓሊው ከየትም ሊያመጣው ይችላል።

ከየት ያመጣዋል? በአካል ያዩአቸው ሰዎች የጻፉት አለ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ከብዙው ያገሩ ሰው ጠቆር ያሉ፣ አፍንጫቸው በጥቂቱ ጎበጥ ያለ፣ አፋቸው ሰፊ ሆኖ ከንፈራቸው የሌለ ያህል የሣሣ፣ ቁመታቸው መካከለኛ፣ ጅማታም፣ ፈረስ ላይ የሚደነቁ አድርጎ ነው የገለጻቸው። ግሮሰሪው ግድግዳ ላይ ያሉት ካሳ ግን ከንፈራቸው ሙሉ ነው፤ አፍንጫቸው ቀጥ ያለ ሰልካካ ነው፤ ቀለማቸው የቀይ ዳማ ነው። ሠዓሊው ብላንክን አላነበበም፣ ወይም አንብቦ አልፈለገውም። ያደረገው ማንም ሠዓሊ የሚያደርገውን ነው። ዙሪያውን ያሉትን ወንዶች አየ፤ ቆፍጣና የሚላቸውን ቅንድብ ከአንዱ፣ የከሳ ጉንጭ ከሌላው ወሰደ። ምናልባት የአጎቱን። ምናልባት አውቶቡስ መናኸሪያ ያየውን። ካራቫጆ ሮም ውስጥ የመንገድ ሰው አምጥቶ ሐዋርያ ሲያደርግ ከነበረው አይለይም፤ እሱ ግን ማንን እንዳመጣ ጎረቤቱ ያውቅ ስለነበር ጉድ ይወራበት ነበር።

እንግዲህ ደላላው ሥዕሉን መምሰሉ ተአምር አይደለም። ሥዕሉ ነው እንደ ደላላው ካሉ ሰዎች የተሠራው። የአገሩ ሰው ፊት ወደ ሸራ ወጥቶ፣ ከሸራ ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከማተሚያ ቤት ወደ ሐራ ተመልሶ መጣ። እዚያ ባለቤቱን አገኘ።

ይህን ለሰውየው ስነግረው አሰበበት። «ስለዚህ እሱ ነው እኔን የሚመስለው?»

«እንደዚያ በለው።»

«ታዲያ ክፈሉኛ!»

አሁን ወደ ሆልምስ እንመለስ፤ ሌላውን ሥራውን ቆይተን እናነሣዋለን ብዬ ነበር። መቅደላ ላይ ወታደሩ ሲዘርፍ፣ የጳጳሱን የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋውን ከአንድ ወታደር በአራት ፓውንድ የገዛው እሱ ነው። የተዘረፈውን ዕቃ ከአምባው ለማውረድ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ከዚያ ሁሉ መካከል ሆልምስ ለሙዚየሙ ሳይነግር ለራሱ ያስቀረው አንድ ሥዕል ነበር፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ራስጌ ተሰቅሎ የነበረው ኵርዓተ ርእሱ፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የክርስቶስ ሥዕል።

ይህ ሥዕል ራሱ አበሻ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓዊ እጅ የሣለው ነው። ኢትዮጵያ ከገባ በኋላ ግን ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይወርዱ፣ መሳፍንቱ በፊቱ ይማሉ ነበር። በዐፄ ኢያሱ 2ኛ ዘመን ስናር ላይ ጦሩ ሲሸነፍ ተማርኮ በብዙ ገንዘብ ነው የተመለሰው። ከሁሉ በላይ ሠዓሊዎቻችን ገለበጡት። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየብራናው፣ ያ አንገቱን ዘንበል ያደረገ ፊት እየተደጋገመ ሄደ። አንድ ፍሌሚሽ ይሁን ፖርቱጋላዊ ሠዓሊ፣ ምናልባት ከሰፈሩ ሰው ያየው ፊት፣ ጎንደር መጥቶ የጌታ መልክ ሆነ። ስንት ሰው ይሆን ሥዕሉን ካየ በኋላ መንገድ ላይ መነኩሴ አይቶ «ጌታን ይመስላል» ያለው?

ሐራ ላይ ያለው ሥዕልና ኵርዓተ ርእሱ ተቃራኒ መንገድ ሄደዋል። አንዱ ባዕድ ፊት ይዞ መጥቶ የእኛ ሆነ፤ ሌላው ከእኛው ፊት ተሠርቶ ንጉሥ ሆነ። ሁለቱንም አንድ ሰው ነክቷቸዋል ብል ብዙ አላጋነንሁም። ሆልምስ አንዱን ወሰደ፤ የሌላውን እውነተኛ መልክ ደግሞ በእርሳስ ይዞ ሄደ።

በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱን እንድትመልስ ጠየቁ። አንድ ክብረ ነገሥት ተመለሰ። ሥዕሉ ግን ሊገኝ አልቻለም የሚል መልስ መጣ። በዚያን ጊዜ ሆልምስ የዊንዘር ቤተ መንግሥት ቤተ መጻሕፍት ሹም ነበረ፤ ሥዕሉም ቤቱ ነበር። ልዑል ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ ሊድስ ላይ ሞቶ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ዊንዘር ሲቀበር ሆልምስ አሁንም እዚያው ሥራው ላይ ነው። የአባትየውን ሬሳ የነደፈ እጅ ከልጁ መቃብር ጥቂት እርምጃ ርቆ መጻሕፍት ይደረድር ነበር። ይህን ልብ ወለድ ደራሲ ቢጽፈው «በዛ» እንለው ነበር።

ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 ክሪስቲ ላይ ተሸጠ፤ በ1950 እንደገና ተሸጦ ፖርቱጋል ገባ፤ በ1998 አንድ የሥነ ጥበብ ጋዜጣ ያለበትን አግኝቶ ፎቶውን አወጣ። ወደ አገሩ ግን አልመጣም። የመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ከሬሳው ላይ ተቆርጦ የተወሰደው የቴዎድሮስ ፀጉር። ለንደን ያለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1959 ከአንድ ቤተሰብ ተቀብሎ ያስቀመጠውን፣ በ2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ አስረክቧል። ከመልካቸው ውስጥ በትክክል የእሳቸው የሆነው ይኸው ፀጉር ነው። እኛም የያዝነው ፀጉሩን ነበር፤ በዚህስ ሠዓሊዎቹን አመስግኑልኝ።

ስልኬን አወጣሁና የሆልምስን ንድፍ ለግሮሰሪው ሰው አሳየሁ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ይህ ማነው?» አለ ወጣቱ።

«ካሳ ናቸው።»

«የለም የለም። ይህ ሌላ ሰው ነው።»

ደላላው ፎጣውን ፈቶ ስልኩን ዐይኑ አጠገብ አደረሰ። ብዙ አየ። «እኔን አይመስለኝም» አለ፤ ቅር ያለው ይመስላል።

እትዬ ከባንኮኒው ወዲህ መጥተው በትከሻው ላይ አሻግረው አዩ። «ይሄ ሬሳ አይደለም እንዴ? እኔ ሬሳ ቤቴ አልሰቅልም። ይኸኛውን ለምጄዋለሁ» ብለው ወደ ግድግዳው በአገጫቸው ጠቆሙ።

«እኔ ግን ሐሙስ ደሴ ልሄድ ነው» አለ ደላላው፤ ጉንጉኑን በእጁ ይዞ። «በየኬላው ከማስረዳ ልላጨው ነው የማስበው።»

«ስእለትህስ?»

«ስእለቱ ደርሷል።»

«ተላጭ» አሉት እትዬ፣ ባዶውን ጠርሙስ እያነሡ። «ከተላጨህ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ቢራህን እንደ ሰው ሁሉ በሙሉ ዋጋው ነው የምትከፍል።»